አሮጌ ኮምፒውተርን ከቴሌቪዥን ለማገናኘት የትኛው መንገድ ይሻላል?

ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ፣ ከቢሮ የወጣ ዴስክቶፕ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከው ያገለገለ ኮምፒውተር በብዙ ቤት አለ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ፍላት ቲቪ ተሰቅሏል። ሁለቱን ለማገናኘት ሱቅ ገብታችሁ «ወንድሜ፣ ላፕቶፕ ከቲቪ የሚያገናኝ ስጠኝ» ስትሉ ሻጩ ከመደርደሪያ የሚያወርደው አምስት ስድስት ዓይነት ነው። ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ባለ ሁለት ጫፍ ነው፣ ስለ ሁሉም «ይሄ ለማንኛውም ይሆናል» ይባላል። ለማንኛውም የሚሆን ገመድ ግን የለም። ለእናንተ ኮምፒውተርና ለእናንተ ቲቪ የሚሆነውን ለይቶ መግዛት ነው ያለው።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ከርሞ ሰው ያሳስታል። በዚያ ፈንታ አንዱን መንገድ ከሌላው ጋር እያወዳደርኩ ርካሽና ውድ እላለሁ። ከዚህ በታች የምታገኟቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ኮምፒውተሩ ምስል የሚያወጣው በየትኛው ቀዳዳ ነው፣ ቲቪውስ የሚቀበለው በየትኛው ነው የሚለው ነው። ይህን ሳያውቁ ሱቅ መሄድ ገንዘብ መበተን ነው። ከቤት ሳትወጡ የሁለቱንም ጀርባና ጎን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቲቪ ከሆነ እጃችሁን አስገብታችሁ በፍላሽ መብራት ማንሳት ይቻላል።

ቀጥሎ ድምፅ አለ። አንዳንዱ መንገድ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይወስዳል፤ ሌላው ምስል ብቻ ወስዶ ድምፁን ላፕቶፑ ላይ ይተወዋል። ሌላ የድምፅ ገመድ ካስፈለገ እሱም በዋጋው ውስጥ ይቆጠራል።

የምትጠቀሙበት ጉዳይም ይወስናል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም ማየትና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ኤክሴል መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለፊልም የሚበቃ ምስል ለጽሑፍ ዓይን ያደክማል።

ርቀትንም አስቡበት፤ ቲቪውና ኮምፒውተሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው ወይስ በአዳራሽ ጫፍና ጫፍ?

ብዙ ሰው የሚረሳው የኮምፒውተሩን አቅም ነው። ገመድ ኮምፒውተርን አያፈጥንም። በ2008 የተሠራ ኮር ቱ ዱኦ ላፕቶፕ በራሱ ስክሪን ላይ የሚንተባተብበትን ቪዲዮ ትልቅ ቲቪ ላይም ይንተባተብበታል፤ እንዲያውም ትልቅ ሲሆን ይበልጥ ይታወቃል።

ቀዳዳዎቹን መለየት

ቪጂኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ አለው፣ ግራና ቀኙ ላይ ብሎን ይታሰርበታል። አይቢኤም በ1987 ካወጣው ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ኮምፒውተር ሁሉ ይዞት ስለወጣ አሮጌ ማሽን ላይ የማይገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከጎኑ እሱን የሚመስል፣ ነገር ግን ፒኖቹ (ትናንሽ የብረት መርፌዎቹ) ወደ ውጭ የቆሙና በሁለት ረድፍ ዘጠኝ የሆኑ መሰኪያ ይኖራል። እሱ ምስል አያወጣም።

ዲቪአይ ሰፋ ያለ ነጭ ነው፣ እሱም በብሎን ይታሰራል፣ ከ1999 ጀምሮ መጣ። ኤችዲኤምአይ ከታች በኩል ጠበብ ያለ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው፤ ደረጃው በ2002 መጨረሻ ቢወጣም ርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የታየው ዘግየት ብሎ ነው። ዲስፕሌይ ፖርት ኤችዲኤምአይን ይመስላል፣ ግን አንዱ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ ነው። ኤስ ቪዲዮ ደግሞ ክብ ሆኖ አራት ወይም ሰባት ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ከ2008 በፊት የነበሩ ላፕቶፖች ላይ ይገኛል።

ኤችዲኤምአይ ለኤችዲኤምአይ

በሁለቱም በኩል ካለ ብዙ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ይሄዳል፣ ገመዱም ርካሽ ነው። አሮጌው ላፕቶፕ የሚያወጣው በአብዛኛው ቢበዛ 1920 በ1080 ነጥብ ስለሆነ «4ኬ»፣ «8ኬ»፣ «በወርቅ የተለበጠ» እየተባለ በእጥፍ የሚሸጠውን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። እስከ አምስት ሜትር ድረስ ተራው ገመድ ይበቃል። ከአሥር ሜትር ካለፈ ግን ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ቀዳዳው መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም አረጋግጡ። ኤችዲኤምአይ ብሎን ስለሌለው ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ይላላል። ገመዱን በጣት ነካ ስታደርጉት ምስሉ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ላይ ነው፣ እንዲያ ከሆነ ገመድ በመቀየር አይድንም።

ቪጂኤ ለቪጂኤ፣ ከድምፅ ገመድ ጋር

ቲቪያችሁ ከ2008 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከተሠራ ጀርባውን ፈትሹት። ብዙዎቹ «ፒሲ» ወይም «አርጂቢ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰማያዊ ቀዳዳ አላቸው። ካለ፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። መሃል ላይ የሚበላሽ ዕቃ የለም፣ ኃይል አይፈልግም፣ የሚጫን ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) የለም። ገመዱ ከተጣለ ሞኒተር ላይ በነፃ ይገኛል፤ ቢገዛም ርካሽ ነው። በዚህ መንገድ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት ማሽን እንኳ ያለ ጣጣ ይሠራል።

ምስሉ አናሎግ ስለሆነ «ጥራት የለውም» የሚሉ አሉ። በ32 ኢንች ቲቪ ላይ ልዩነቱን ማየት ያስቸግራል፣ ሪዞሉሽኑ (የምስሉ ነጥቦች ብዛት) በትክክል ከተስተካከለ። ጣጣውም እሱ ላይ ነው። ብዙዎቹ የ32 ኢንች ቲቪዎች 1366 በ768 ሲሆኑ በቪጂኤ የሚቀበሉት 1360 በ768 ነው። ኮምፒውተሩ 1024 በ768 ላይ እንዳለ ከተተወ ምስሉ ወደ ጎን ይለጠጥና የሰው ፊት ሁሉ የወፈረ ይመስላል። ሪዞሉሽኑን አስተካክላችሁም ምስሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ከቲቪው ሜኑ ውስጥ «አውቶ አጀስት» የሚለውን መንካት በአብዛኛው ይበቃል።

ገመዱን ስትመርጡ ወፍራሙን ያዙ። በጣም ቀጭን የሆነው ከፊደሎች ጎን ጥላ ያበዛል፣ በተለይ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ሲያልፍ። ጥሩ የሆነው ገመድ ግን 15 ሜትር ድረስ ምስል ይወስዳል፣ ለዚህም ነው አዳራሾች እስካሁን ያልተዉት።

ቪጂኤ ድምፅ አይወስድም። ሁለት ጫፉ የኢርፎን ጫፍ የሆነ አጭር ገመድ ግዙና ከላፕቶፑ የኢርፎን ቀዳዳ ወደ ቲቪው ሰኩ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ቲቪ ላይ ሁለት ዓይነት ተመሳሳይ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ሥዕል ያለበት ድምፅ ማውጫ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት ግን ከቪጂኤው አጠገብ «ኦዲዮ ኢን» የሚል ያለበትን ነው። ከሰካችሁ በኋላ እምም የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ነው፤ ቲቪውንና ቻርጀሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ችግሩ አዳዲስ ቲቪዎች ቪጂኤ የላቸውም። ኢንቴልና ኤኤምዲን የመሳሰሉ አምራቾች በ2010 መጨረሻ ላይ፣ በ2015 ገደማ ይህን መሰኪያ እንደሚተዉት አስታውቀው ነበር፤ የቲቪ ሠሪዎችም ቀስ በቀስ አውጥተው ጣሉት። አዲስ ቲቪ ያለው ሰው ወደሚቀጥለው መንገድ ይሄዳል።

ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኮንቨርተር

ሰው በብዛት የሚሞኝበት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ቪጂኤ አናሎግ ነው፣ ምስሉን በኤሌክትሪክ ሞገድ ይልካል፤ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ በቁጥር ይልካል። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ቺፕ ያስፈልጋል፣ ቺፑ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ ሌላው ጫፉ ኤችዲኤምአይ የሆነ፣ ከመሃሉ ሳጥን ወይም ከጫፉ ወፈር ያለ ራስ የሌለው፣ የዩኤስቢ ጭራም የሌለው ተራ ገመድ አትግዙ። ከፒን ወደ ፒን ሽቦ ከማገናኘት በስተቀር ሥራ የለውም። ቲቪው ላይ የምታዩት «ኖ ሲግናል» ብቻ ይሆናል።

አቅጣጫም አለው። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ተቃራኒው፣ ማለትም ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ነው፤ አዲስ ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ከአሮጌ ፕሮጀክተር ጋር ስለሚያገናኙበት ቶሎ ይሸጣል። ሻጩ «በሁለቱም በኩል ይሠራል» ቢላችሁ አትመኑት፣ አይሠራም። ጽሑፉን ሳታነቡ በዓይን መለየት ትችላላችሁ፦ ለእናንተ የሚሆነው የቪጂኤ ጎኑ ፒን የወጣለትና ብሎን ያለው፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ ነው፤ የኤችዲኤምአይ ጎኑ ደግሞ ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ ነው። የኤችዲኤምአይ ጎኑ የሚሰካ ጫፍ ሆኖ የቪጂኤ ጎኑ ሰማያዊ ቀዳዳ ከሆነ ያ ተቃራኒው ነው።

የዩኤስቢ ጭራውን ለኃይል ላፕቶፑ ላይ ወይም ቲቪው ላይ ሰኩት። አንዳንዱ ኮንቨርተር ያለ ዩኤስቢ ይሠራል ተብሎ ይሸጣል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ከቪጂኤ ቀዳዳው የሚሰጠው ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ምስሉ መጣ ሄደ ይላል። ጭራ ያለውን ምረጡ። ድምፅ የሚገባው ከጎኑ ባለች የኢርፎን ቀዳዳ ነው፣ አጭር ገመዷ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ አለች። ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ ክፈቱና መኖሯን እዩ።

ከሰካችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን 1280 በ720 ወይም 1920 በ1080 አድርጉት፣ ድግግሞሹን (ምስሉ በሴኮንድ የሚታደስበትን) ደግሞ 60 ኸርዝ ላይ ተዉት። ኤችዲኤምአይ የሚቀበል ቲቪ የተለመዱትን መጠኖች ብቻ ይወዳል፤ አሮጌ ሞኒተር ላይ ይሠራ የነበረ 75 ወይም 85 ኸርዝ ጥቁር ስክሪን ይሰጣችኋል። ምስሉ ለፊልም ጥሩ ነው። ጽሑፍ ላይ ግን ጠርዙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ዲጂታሉ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ አናሎግ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ተመልሶ ዲጂታል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ይህ ልዩነት ይሰማዋል። ኮንቨርተሩ ሞቅ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ግን ዕድሜው አጭር ነው።

ዲቪአይና ዲስፕሌይ ፖርት፦ የቢሮ ዴስክቶፖች

ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ሲሸጡ «ኤችዲኤምአይ የለውም» ተብሎ ዋጋቸው ዝቅ ይላል። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 7010 ወይም ኤችፒ ኮምፓክ 8200 ያሉት ግን ከቪጂኤው ጎን ዲስፕሌይ ፖርት አላቸው። ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አጭር አዳፕተር ከቪጂኤ ኮንቨርተር ይልቅ ቀላል ነው፣ ኃይል አይፈልግም፣ ምስሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዲጂታል ሆኖ ይደርሳል፣ ድምፅም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ማሽን ይዞ የቪጂኤ ኮንቨርተር የሚገዛ ሰው ሳየው ያሳዝነኛል። ይህም አቅጣጫ አለው፤ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውን ጠይቁ።

ከ2008 መጨረሻ በኋላ የወጡ ማክቡኮች ላይ ትንሿ የዲስፕሌይ ፖርት ዓይነት አለች። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ማክቡክ ካላችሁ ለእሷ የሚሆን አዳፕተር ይሸጣል። ድምፅ አብሮ የሚወጣው ግን ከ2010 ወዲህ ባሉት ነው፤ ከዚያ በፊት ለተሠራው የድምፅ ገመድ ጨምሩ።

ዲቪአይ ከኤችዲኤምአይ ጋር ምስል የሚልክበት መንገድ አንድ ስለሆነ ቺፕ የሌለው ተራ ገመድ ያገናኛቸዋል። ድምፅ በአብዛኛው አይመጣም።

ከአሜሪካ ለሚመጣ አሮጌ ዴስክቶፕ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከኋላው፣ የኃይል ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ 115 ወይም 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ ካለ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ስላለው አያሰጋም።

ኤስ ቪዲዮና ቀይ ነጭ ቢጫው

ጀርባው ትልቅ የሆነ አሮጌ ቲቪ ላላቸው ነው። ኤስ ቪዲዮ ያለው ላፕቶፕ በቀጥታ ወደ ቲቪው ኤስ ቪዲዮ ወይም በትንሽ መቀየሪያ ወደ ቢጫው ቀዳዳ ይገባል። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ወደ ኤቪ (ቀይ ነጭ ቢጫው) የሚቀይር ትንሽ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ሳጥኑ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚል ማዞሪያ አለ፣ እዚህ አገር ፓል ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ሊንሸራተት ይችላል።

በዚህ መንገድ የሚደርሰው ምስል በፓል 576 መስመር ብቻ ነው። ፊልም ይታያል። ጽሑፍ ግን አይነበብም። ልጅ ቤት ውስጥ እንዲማርበት ብላችሁ ከሆነ ይህን ተዉትና ያገለገለ ሞኒተር ፈልጉ።

በዩኤስቢ የሚሰካ የምስል አዳፕተር

ለአሮጌ ኮምፒውተር አልመክረውም። 1920 በ1080 ምስል በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ሳይታመቅ ወደ 3 ጊጋቢት ይሆናል፤ የአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ጉልበት ግን 480 ሜጋቢት ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ምስሉን እያመቀ በመላክ ነው፣ የሚያምቀው ደግሞ ያው የደከመው ፕሮሰሰር ነው። ድራይቨርም ይፈልጋል። የቪጂኤ ቀዳዳው ለተቃጠለበት ማሽን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ ለፎቶና ለጽሑፍ ብቻ።

ያለ ገመድ

ስማርት ቲቪ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው ይህን ነው። ዊንዶውስ ሚራካስት የሚባለውን፣ ስክሪንን ያለ ገመድ ወደ ቲቪ መላኪያ፣ የጀመረው በ8.1 ነው፤ ዊንዶውስ 7 ላይ የለም። ዊንዶውስ 10 ብትጭኑበትም የዋይፋይ ካርዱና የግራፊክስ ድራይቨሩ አሮጌ ከሆኑ እምቢ ይላል። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኬ (K) የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ፤ የቲቪያችሁ ስም ከመጣ እሰየው፣ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም። መሣሪያው ይህን አይደግፍም ካለ እዚያው ተዉት።

በክሮም በኩል ወደ ቲቪ መላክም አለ፣ ነገር ግን ክሮም ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ለዊንዶውስ 7ና 8.1 አዲስ አይወጣም። ቢሠራም አሮጌ ማሽን ምስሉን እየቀረጸ በዋይፋይ ሲልክ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ድምፁም ከአፍ ይዘገያል። ዩቲዩብ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት የቲቪው የራሱ ዩቲዩብ ከማንኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይበልጣል።

ፍላሽ

ጭራሽ አለማገናኘትም አንድ አማራጭ ነው፣ ለፊልም ብዙ ጊዜ አሸናፊው እሱ ነው። ከ2012 ወዲህ ያሉ ፍላት ቲቪዎች ብዙዎቹ ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ፍላሽ ያነባሉ፤ ሪሲቨራችሁም ሊያነብ ይችላል። ቪዲዮውን ለመክፈት ቲቪው የራሱ ቺፕ ስላለው የኮምፒውተሩ ድካም ጉዳይ አይሆንም።

ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ ሁሉም ቲቪ ያነበዋል፣ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስፋት የሚባሉትን ሌሎች ፎርማቶች የማያነቡ ቲቪዎች አሉ። ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ የተሠራ ኤምፒ 4 ቪዲዮ ምቹው ነው፤ ኤች 265 የሆነውን አሮጌ ቲቪ «አልደገፍኩም» ይላል። የሠርግ ቪዲዮና ተከታታይ ድራማ ብቻ ለሚያይ ቤተሰብ ገመድ መግዛት አያስፈልግም።

በሰንጠረዥ

| መንገድ | ለፊልም | ለጽሑፍ | ድምፅ | ምቹ ርቀት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤችዲኤምአይ ለኤችዲኤምአይ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | አብሮ ይሄዳል | እስከ 5 ሜትር | ርካሽ |
| ቪጂኤ ለቪጂኤ | ጥሩ | ጥሩ፣ ሪዞሉሽኑ ከተስተካከለ | ሌላ ገመድ | እስከ 15 ሜትር በወፍራም ገመድ | ከሁሉ ርካሽ |
| ቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ | ጥሩ | መካከለኛ | ወደ ኮንቨርተሩ በሚገባ ገመድ | እስከ 5 ሜትር | መካከለኛ |
| ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | አብሮ ይሄዳል | እስከ 5 ሜትር | ርካሽ ወይም መካከለኛ |
| ዲቪአይ ወደ ኤችዲኤምአይ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | በአብዛኛው ሌላ ገመድ | እስከ 5 ሜትር | ርካሽ |
| ኤስ ቪዲዮ ወይም ኤቪ | ደካማ | አይሆንም | ሌላ ገመድ | አጭር | ርካሽ፣ ሳጥን ካስፈለገ መካከለኛ |
| የዩኤስቢ አዳፕተር | ደካማ | መካከለኛ | እንደ ዓይነቱ | አጭር | ውድ |
| ያለ ገመድ | እንደ ማሽኑ | መካከለኛ | አብሮ ይሄዳል | አንድ ክፍል ውስጥ | ማሽኑ ከቻለ ምንም |
| ፍላሽ | በጣም ጥሩ | አይመለከተውም | አብሮ ነው | የለውም | ፍላሽ ካለ ምንም |

ለማን የትኛው?

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕን እንደ ዴስክቶፕ መጠቀም ለሚፈልግ ተማሪ፦ ቲቪው ላይ ቪጂኤ ካለ ቪጂኤ፣ ከሌለ ኤችዲኤምአይ። ኮንቨርተር የሚያስፈልገው ሁለቱም ሲታጡ ነው። ምስሉ በራሱ ካልመጣ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ይዞ ስክሪን የተሣለበትን ቁልፍ መንካት ነው፤ በአሮጌ ኤችፒ ኤፍ 4፣ በዴል ኤፍ 8፣ በቲንክፓድ ኤፍ 7፣ በቶሺባ ኤፍ 5 ናቸው። ቁልፉን አንዴ ነክታችሁ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቁ፣ ደጋግማችሁ ብትነኩት አልፎት ይሄዳል።

ሳሎን ውስጥ ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ ፍላሽ፣ እሱ ካልበቃ ኤችዲኤምአይ። ዩቲዩብን በአሮጌው ኮምፒውተር በኩል ማየት ግድ ከሆነ ጥራቱን 720 ላይ አድርጉት፤ 1080 ላይ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ ኢንተርኔቱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው።

ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለዕድር አዳራሽ ወይም ለክፍል፣ ኮምፒውተሩ ከቲቪው ሲርቅ ወፍራም ቪጂኤ ይሻላል፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ አዳራሹ ስፒከር ስደዱት። ቲቪው አዲስ ከሆነ ረጅሙን የቪጂኤ ገመድ እስከ ቲቪው አድርሳችሁ ኮንቨርተሩን ከቲቪው ጀርባ አስቀምጡት፤ ኃይሉን ከቲቪው ዩኤስቢ ይወስዳል። ነገር ግን ኮንቨርተሩ ከቪጂኤ ገመድ ጫፍ ጋር ስለማይገጥም፣ ሁለቱም ጫፋቸው ፒን ስለሆነ፣ አንድ ጎኑ ቀዳዳ የሆነ የማራዘሚያ ገመድ ግዙ።

ቀን ሙሉ ለሚጽፍ ወይም የሒሳብ ሥራ ለሚሠራ ዲስፕሌይ ፖርት ወይም ዲቪአይ ያለው ዴስክቶፕ። ላፕቶፕ ከቪጂኤ ውጭ ከሌለው ደግሞ ከቲቪ ይልቅ ያገለገለ ሞኒተር ይሻለዋል።

ከውጭ ለቤተሰቡ የሚልክ ሰው ኮምፒውተሩን ከማሸጉ በፊት የቀዳዳዎቹን ፎቶ ይላክ፣ እናቱ ቤት ያለውን ቲቪ ጀርባም ያስነሣ። አዳፕተሩን አብሮ ቢልከው እዚህ ከመንከራተት ያድናል።

ሲሰካና ሲፈተሽ

ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሳለ ብረቱን ብትነኩት ጣት የሚነዝረው ለዚህ ነው። ያ ንዝረት ለሰው ብዙም ባይጎዳ የኤችዲኤምአይ ቺፕ ሊያቃጥል ይችላል፣ በተለይ ቲቪው ላይ የዲሽ ገመድ ካለ። ስለዚህ ቲቪውንና ቻርጀሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ገመዱን ሰኩ፣ ከዚያ በኋላ አብሩ።

ምስል ሲመጣ ዊንዶውስ 7ና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒ (P) የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ፤ በሁለቱም ላይ ይታይ፣ ይስፋ ወይም በቲቪው ላይ ብቻ ይሁን የሚለውን ትመርጣላችሁ። በቲቪው ላይ ብቻ ማድረግ ደካማ ማሽንን ያቀለዋል። የምስሉ ጠርዝ ተቆርጦ የታችኛው የዊንዶውስ መስመር ከጠፋ ቲቪው ምስሉን እያጎላ ነው፤ ከሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ «ጀስት ስካን»፣ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፉል ፒክስል» የሚለውን ፈልጉ። ድምፁ ከላፕቶፑ ወደ ቲቪው አልሄድ ካለ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን በቀኝ ነክታችሁ ከዝርዝሩ ውስጥ ቲቪውን ምረጡ።

ኮንቨርተር ስትገዙ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ባለ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ እዩ። ምስሉ መጣ ብላችሁ ወዲያው አትክፈሉ፤ አምስት ደቂቃ ድምፅ ያለው ቪዲዮ አጫውቱ፣ ገመዱን በጣታችሁ ነቅነቅ አድርጉ፣ ኮንቨርተሩን ዳስሱት። ሻጩ መፈተን ካልፈቀደ ከጎኑ ያለው ሱቅ ይፈቅዳል።